የእድራችን ቤት ከክረምቱ በፊት ይከደን

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ በቅርብም በሩቅም ያላችሁ የግንፍሌ ሰፈር ልጆች፣

ባለፈው ወር ያደረግነው ጥሪ የሚያስፈልገንን ግማሽ እንኳ አላመጣም። ሰልችቷችሁ ይሆናል። እኛም ደክሞናል። ግን ቤቱ ዛሬም ጣሪያ የለውም፤ ሰኔም ገብቷል።

የሚያዝያውን ነፋስ ያያችሁ ታውቃላችሁ። መጀመሪያ አቧራ፣ ቀጥሎ በረዶ፣ ከዚያ ያ ጩኸት። የአዳራሹን ቆርቆሮ ከነማገሩ ነቅሎ አስፋልቱ ላይ ጣለው። የግቢው ባህር ዛፍ ተገንድሶ የአንዲት እናታችንን ማጀት ደረመሰ። ሰው አልሞተም፣ ተመስገን። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ ግን ሸራ ለብሰው ነው ያሉት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ለቅሶ ዝናብ እየወረደብን ተቀምጠናል።

"ሃሪኬን ነው እንዴ?" ያላችሁን ነበራችሁ። አይደለም። ሃሪኬን ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞቀ ውቅያኖስ ነው፤ የብስ ላይ ሲወጣ ይዳከማል። በህንድ ውቅያኖስ በኩል ሲነሳ ሳይክሎን ይሉታል። አዲስ አበባ ድረስ አይዘልቅም፣ ዳፋው ግን አገራችን ደርሷል። በግንቦት 2010 መኩኑ፣ በጥቅምት 2011 ሉባን የተባሉ ሳይክሎኖች የዓረብን በረሃ በዝናብ አራሱት። አሸዋው ሣር አበቀለ፣ አንበጣው ተራባ፣ በ2012 የወሎና የሐረርጌ ገበሬ ማሳ ላይ ሰፈረ። በመጋቢት 2011 ደግሞ ኢዳይ የተባለው ሳይክሎን የሞዛምቢኳን ቤይራ ከተማ መታ። በሞዛምቢክ፣ በዚምባብዌና በማላዊ ከ1,000 በላይ ሰው አለቀ። ለአጨዳ የደረሰ እህል ውሃ ውስጥ ቀረ። ከጎርፉ የተረፈውን ኮሌራ ጠበቀው።

ይህን ያነሳነው ነፋስ ጣሪያ የሚነቅልበት መንገድ እዚያም እዚህም አንድ ስለሆነ ነው። ከላይ እያለፈ ይስባል፣ በክፈፉ ሥር ገብቶ ወደ ላይ ይገፋል። የእኛ ጣሪያ የተያዘው በሚስማር ብቻ ነበር። ይህን የለመዱ አገሮች ወራጁን ከግድግዳው ጋር በብረት ያስሩታል። እኛም እንደዚያ ልንሠራው ነው። ወጪው ከፍ ያለው ለዚህ ነው። በርካሽ ከድነን ለሚቀጥለው ነፋስ መስጠት አንፈልግም።

"የአምናው መዋጮ የት ገባ?" ለሚሉ ወንድሞችና እህቶች፦ ወንዙ ዳር ያለው የድንጋይ ካብ ውስጥ ነው ያለው። ሄዳችሁ እዩት። የሚያዝያው ነፋስ በመጣበት ቀን ውሃው እስከ ካቡ አፍ ሞልቶ ነበር። ታች ያሉት ቤቶች ግን ወለላቸው አልራሰም። ጣሪያውን ያላስቀደምነው ሕፃናት የሚተኙት ታች ስለሆነ ነው። ዛሬም ቢሆን እንደዚያው እናደርጋለን። ደረሰኙ ሁሉ ጸሐፊው ዘንድ አለ፤ ኦዲተሮቹም ፈርመውበታል።

ይህን ቤት አባቶቻችን ድንጋይ ተሸክመው ነው የሠሩት። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሟቹን የሸኘው ከዚህ ነው። ለፈጣሪ ብላችሁ እርዱን። የቻለ የአንድ ቆርቆሮ ዋጋ፣ ያልቻለ ጉልበቱን።

ክፍያ በእድሩ ስም በተከፈተው የባንክ ሂሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ የወር መክፈያ ደብተራችሁ ጀርባ ላይ አለ። በግለሰብ ስልክ ወይም በግል ሂሳብ ላኩ የሚላችሁ ካለ እኛ አይደለንም። በእጅ የምትከፍሉ ቅዳሜ ከሰዓት ገንዘብ ያዡ ዘንድ ኑ፤ ደረሰኝ ሳትይዙ እንዳትሄዱ። ውጭ አገር ያላችሁ በቤተሰቦቻችሁ በኩል ላኩ፣ የላኪውን ስም ማስጻፍ አትርሱ። ደግመን እንላለን፦ ደብተሩ ጀርባ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ።

የእድሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ