ስለ «ጎቱ» ለወዳጄ የዘገየ መልስ

ጅማ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። በመጨረሻው ደብዳቤህ በድራይቨር (መሣሪያን ከኮምፒውተር ጋር በሚያግባባ ፕሮግራም) ኮድ ውስጥ «ጎቱ»ን፣ ማለትም ወደ ተሰየመ ቦታ በቀጥታ የሚያዘልለውን ትእዛዝ፣ መጠቀም ነውር እንዳልሆነ ብታስረዳኝ ተቆጥቼ ሁለት ዓመት ሙሉ መልስ ነፍጌሃለሁና ይቅርታህን እለምናለሁ። እውነቱ ካንተ ጋር እንደነበር በሥራዬ አይቼዋለሁ።

እዚህ ለአንድ የቡና መጋዘን የእርጥበት መለኪያ ካርድ የሊኑክስ ድራይቨር ጽፌ ነበር። መሣሪያው ሲከፈት ኮዴ መጀመሪያ ሜሞሪ ይይዛል፣ ቀጥሎ ኢንተረፕቱን (ካርዱ ትኩረት ሲሻ የሚልከውን ምልክት) ያስመዘግባል፣ በመጨረሻም ካርዱን ይቀሰቅሳል። ካርዱ አልነቃ ሲል ግን ሜሞሪውን ብቻ ለቅቆ -1 የሚል የስሕተት ቁጥር መልሶ ይወጣ ነበር። በሊኑክስ -1 ማለት «አልተፈቀደም» ማለት ስለሆነ፣ ችግሩ የላላ ገመድ ሆኖ ሳለ፣ ለቀማው በደራበት ሰሞን ሁለት ቀን የተጠቃሚ ፈቃድ ስንመረምር ሰነበትን። የመጠበቂያው ጊዜ ማለፉን የሚናገረውን -110 መልሼ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ሰዓት ገመዱን በነካን ነበር።

ከዚያ የከፋው ሳይለቀቅ የቀረው ኢንተረፕት ነው። ካርዱ ዘግይቶ ምልክት በላከ ጊዜ ምልክቱን የሚቀበለው ፈንክሽን (የኮዱ ክፍል) በተለቀቀው፣ ምናልባትም ለሌላ ሥራ በተሰጠው ሜሞሪ ላይ ይጽፋል፤ እንዲያ ሲሆን የሚበላሸው የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነሉ ራሱ ነው።

አሁን እያንዳንዱ ስሕተት በ«ጎቱ» ወደ ፈንክሽኑ ግርጌ ይወርዳል፤ እዚያም የተያዘው ሁሉ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይለቀቃል፤ በመጋዘንም ከላይ የተጫነው ጆንያ ሳይነሳ የታችኛው አይመዘዝም። ኢንተረፕቱን የሚያስለቅቀው ፈንክሽን በሥራ ላይ ያለ ተቀባይ እስኪጨርስ ስለሚጠብቅ፣ ሜሞሪውን ከእርሱ በኋላ መልቀቅ አያሰጋም። «ጎቱ» የሚዘልባቸውን መለያዎችም «ስሕተት አንድ»፣ «ስሕተት ሁለት» ማለት ትቼ «ሜሞሪ ልቀቅ» እያልሁ በሥራቸው ሰየምኋቸው፤ መሐል አዲስ ደረጃ ሲገባ ቁጥሩ ሁሉ ይዛነፋልና።

እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በከርነሉ ውስጥ ያለው፣ የተያዘውን በራሱ የሚለቅቀው «ዴቭኤም» ይህን ድካም እንደሚያስቀር አስቤ ነበር፤ ነገር ግን እርሱ የሚለቅቀው ድራይቨሩ ከመሣሪያው ሲላቀቅ እንጂ የተከፈተው የመሣሪያ ፋይል ሲዘጋ ስላልሆነ፣ ለፕሮብ (ድራይቨሩ ከመሣሪያው ጋር ሲገናኝ ለሚጠራው ፈንክሽን) እጅግ ብወደውም ለመክፈቻው ፈንክሽን አልሆነኝም።

ኮዱን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። በተለይ የመዝጊያውን ፈንክሽን ተመልከትልኝ፤ ካርዱ በሥራ ላይ እያለ ቢነቀል የሚሆነውን ገና አልሞከርሁትም።

ናፋቂ ወንድምህ