ከሸማኔው ጉድጓድ ዳር፦ የአርአያ ክበብ የ2017 ዓ.ም ዘገባ

የክበባት ዘገባ ላይ ብዙ ሰው ፎቶውን አይቶ ገጹን እንደሚገልጥ አውቃለሁ። ይሄኛውን ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ልጆች አርአያ የሚሆኗቸውን ሰዎች የሚያውቁበት ክበባችን ዘንድሮ የደረሰበት ነገር ወላጁንም መምህሩንም የሰፈሩንም ሰው ይመለከታል።

ዓመቱን በ46 ልጆች ጀመርን። ዓርብ ዓርብ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ተሰበሰብን። ሊቀመንበር ተመረጠ፣ ደንብ ጸደቀ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። እሱን ልለፈው።

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ትልቁ ሥራችን የግድግዳ ጋዜጣው ነበር። ልጆቹ ስለ አቶ አስፋው የምሩና ስለ ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና ጻፉ። አቶ አስፋው ልጅ ሆነው አዲስ አበባ መጥተው ጎዳና ያደሩ፣ በኋላ ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ገብተው ሲማሩ ደግሞ የጎዳና ልጆችን ዛፍ ሥር ሰብስበው ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ክፍያ የሌለው ትምህርት ቤታቸው የተጀመረው ከዚያች ዛፍ ሥር ነው። ክብርት አበበች ደግሞ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወሎ ሄደው፣ በረሃብ ያለቀውን ሰው አይተው፣ ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። ቀሪ ዕድሜያቸውን ወላጅ ላጡ ልጆች እናት ሆኑ።

ጋዜጣው ተለጥፎ ቆመን ስናነበው አንዲት የ6ኛ ክፍል ልጅ ወደ እኔ ዞረች። «ቲቸር፣ ሁለቱም እኮ በ2013 አርፈዋል። እኛ አሁን ማንን ነው የምናየው?»

መልስ አልነበረኝም። እናም እንግዳ መጥራት ጀመርን። አራት ሰዎች መጥተው ንግግር አደረጉ፤ ሁሉም የተከበሩ፣ በሥራቸው የተመሰገኑ ናቸው። «ጠንክራችሁ ተማሩ» አሉ። ልጆቹ ይሄን ከአንደኛ ክፍል ጀምረው በቃላቸው ያውቁታል። በጥር መጨረሻ 31 ቀረን። ጥፋቱ የእንግዶቹ አይደለም፣ የኔ ነው። አርአያነት በማይክ የሚተላለፍ መስሎኝ ነበር።

ስለዚህ በሁለተኛው መንፈቅ አካሄዳችንን ቀየርን። ሰው መጥራት ትተን ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ወዳለበት ሄድን። ሌሊት 11 ሰዓት ዳቦ ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ልብስ ሰፊ ጋ። ጋራዡ ከአንድ ቀን በኋላ ቀረ፤ ባለቤቱ ልጆቹ እንዳይጎዱበት ፈራ፣ እውነቱን ነው። ሴት ልጆቻችን ቁጥራቸው አነሰ፣ ቅዳሜ የቤቱ ሥራ እነሱ ላይ ነውና። ወላጆች፣ እባካችሁ ይሄን አስቡበት። ትምህርት ይበደላል ላሉ ባልደረቦቼም፣ አንድም ቀን ክፍለ ጊዜ አልነካንም።

በሚያዝያ ሺሮ ሜዳ አንድ ሸማኔ ቤት ሄድን። ሸማኔ የመረጥኩት አውቄ ነው። ግቢያችን ውስጥ አንዱ ልጅ ሌላውን «የሸማኔ ልጅ» ብሎ ሲሰድበው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አፄ ምኒልክ እኮ ባለ እጅ እንዳይሰደብ አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም ነው!

ቤቷ ጠባብ ናት። 12 ልጆች ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ሸማኔው፣ ዕድሜያቸው የገፋ የዶርዜ ሰው፣ እግራቸውን ከሽመናው ዕቃ ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ ከተው ይሠራሉ። እግር ይረግጣል፣ መወርወሪያው ከግራ ቀኝ ይበራል፣ ጥለቱ በአረንጓዴና በወርቃማ ክር ይወጣል። ልጃቸው አጠገባቸው ቀሰም ላይ ክር እያጠነጠነ ሳይጠሩት ያቀብላቸዋል። ብዙም አላወሩንም። በመሀል ድንገት ቆሙ። ጥለቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ አንድ ስንዝር የሚሆን ወደ ኋላ መፍታት ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ምኑ ነው የተበላሸው?» አለ አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ።

አንዲት የዘለለች ክር አሳዩት። እኔ ራሴ ዓይኔን አጥብቤ ነው ያየኋት።

«ይሄን ማን ያየዋል?»

«እኔ አየሁት። ይኸው አሁን አንተም አየኸው» አሉና መፍታታቸውን ቀጠሉ።

ፈትተው፣ መልሰው ሠርተው፣ የነበሩበት ቦታ እስኪደርሱ ልጆቹ ድምፅ አላሰሙም። ክፍል ውስጥ አሥር ደቂቃ ጸጥ የማይሉልኝ ልጆች ናቸው።

የጠየቀው ልጅ እናቱ ቤሩት ናት፤ የሚያድገው ከአያቱ ጋር ነው። የሒሳብ የቤት ሥራውን ጠዋት ከሰልፍ በፊት ከጓደኛው ደብተር እንደሚገለብጥ ሁላችንም እናውቅ ነበር፣ አያቱንም ሁለቴ አስጠርቻለሁ። ከጉዞው ሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ይዞ ስታፍ ድረስ መጣ። አንድ ሙሉ ገጽ ተሰርዟል፣ ከሥሩ እንደገና ተሠርቷል። «ቲቸር፣ ጨርሼው ሳየው ሁለተኛው መስመር ላይ የመቀነስ ምልክቷን ዘልያታለሁ። ፈትቼ እንደገና ሠራሁት» አለኝ። መልሱ አሁንም ትንሽ ስቷል። ግን ከማንም አልገለበጠውም። እዚያው ቆሜ ዓይኔ እንባ አቀረረ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻውን እየሄደ ቀሰም ያጠነጥንላቸዋል።

ስለ ገንዘብ በግልጽ ልናገር። ዘንድሮ ለክበቡ የተሰጠን ሁለት ደስጣ ወረቀት ብቻ ነው። የኳስ ቡድኑ ማልያ ሲገዛለት ከልቤ ደስ ብሎኛል፣ የኔም ልጆች አሉበት። ግን ሺሮ ሜዳ ደርሶ መልስ የ12 ልጅ የታክሲ ሒሳብ ሁለት መምህራን ከደመወዛችን ነው የከፈልነው። በዚህ መቀጠል አንችልም። ወላጅ ኮሚቴው ለ2018 ቢያንስ የትራንስፖርቱን ይያዝልን።

ከገንዘቡ በላይ የምንፈልገው ግን ሰው ነው። ሹፌር፣ ነርስ፣ አናጢ፣ ባለ ሱቅ፣ እንጀራ ጋጋሪ፣ ማንም ይሁን። ንግግር አያስፈልግም። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሁለት ልጆች አጠገባችሁ ቆመው ሥራችሁን እንዲያዩ ፍቀዱልን። መዝገቡ ዩኒት ሊደሩ ቢሮ አለ፤ ስማችሁንና የሥራ ቦታችሁን ጻፉ። ልጆቹን 2 ሰዓት ላይ እኔው ራሴ አደርሳቸዋለሁ።