እሾህ ለሌለው ግራር ድጋፍ እንጠይቃለን

ኮአ የሚባል ዛፍ አለ። በሃዋይ ደሴቶች ብቻ ነው የሚበቅለው። የእኛ ግራር ዘመድ ነው፤ እሾህ ግን የለውም። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ቅርንጫፉን እየደባበስኩ እሾሁን ስፈልግ፣ ጫካውን አብረውን የሚያጸዱ አንድ የአገሬው አዛውንት ሳቁብኝ። «እሾህ ምን ያደርግለታል? የሚበላው አልነበረማ!» አሉኝ።

ሃዋይ ከየትኛውም አህጉር ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ሰው እስኪመጣ ድረስ ፍየል፣ ከብት ወይም አሳማ አያውቅም ነበር። በነፋስ፣ በወፍና በባሕር የደረሱ ጥቂት ዘሮች እዚያው ተባዙ፤ መከላከያቸውንም ቀስ በቀስ ተዉት። ሽታ የሌለው የናና ዘመድ አለ። እሾሁ የለሰለሰ እንጆሪ አለ። አበባ ከሚያወጡት አገር በቀል ዕፀዋት ከአሥሩ ዘጠኙ ሌላ የትም አይገኙም።

እዚህ የዋህ ጫካ ውስጥ ነው ቀይ ዘይቱን (ጓቫ) የሚባለው ዛፍ የገባው። አገሩ ብራዚል ነው፤ ሃዋይ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1825 ነው። ፍሬው ይጣፍጣል። ወፉም አሳማውም ይበላውና ዘሩን በየዳገቱ ይበትነዋል። ሲቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል። በጣም ተጠጋግቶ ስለሚበቅል ከሥሩ ብርሃን አይደርስም፤ የኮአ ችግኝ ብቅ ሳይል ይቀራል። ከመኪና መንገድ ላይ ሆነው ሲያዩት ተራራው አረንጓዴ ነው፤ ለዚህ ነው ብዙ ሰው የማይደነግጠው። ውስጡ ሲገቡ ግን ያው አንድ ዛፍ፣ አሁንም ያው አንድ ዛፍ ነው።

በዚያው በ1825 ከብራዚል የመጣ ቡና እኛ በምንኖርበት በኦዋሁ ደሴት፣ ማኖአ ሸለቆ ውስጥ ተተከለ። አዎ፣ የእኛው ቡና። ዛሬ ደሴቲቱ ላይ ማንም ሳይተክለው ጫካ ውስጥ ይበቅላል። እኛም እንነቅለዋለን። የመጀመሪያውን ችግኝ ስነቅል እጄ እሺ አላለኝም ነበር። እናቴ ብታየኝ ምን ትል ይሆን? ከፋ ጫካ ውስጥ ቡና የቤት ልጅ ነው፤ ከዛፎቹ ጋር አብሮ ያደገ። እዚህ ግን የሌላውን ልጅ ቦታ ይዟል።

ችላ ሲባል ምን እንደሚመጣ ሌላዋ የፓስፊክ ደሴት ታሂቲ ታውቀዋለች። ሚኮኒያ የሚባል፣ ቅጠሉ አንድ ሜትር የሚጠጋ ዛፍ በ1937 አንድ አትክልት ስፍራ ውስጥ ለጌጥ ተተከለ። አሁን የደሴቲቱን ሁለት ሦስተኛ ያህል ሸፍኗል።

እኛ ሆኖሉሉ የምንኖር ጥቂት ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ነን። ከአገሬው ጎረቤቶቻችን ጋር ሆነን፣ ከባለ መሬቱ ፈቃድ አግኝተን፣ ኮኦላው ተራራ ላይ አንዲት ትንሽ ዳገት እናጸዳለን። በወር አንድ ቅዳሜ እንወጣለን። ልጆቹ ችግኝ ይነቅላሉ፤ ትልልቆቹ ግንድ ይቆርጣሉ። «ለሰው አገር ጫካ ምን አገባን?» ያለኝ ወዳጅ አለ። የምንጠጣው ውሃ ከዚህ ተራራ ሥር የሚወጣ ነው። ልጆቻችን የተወለዱት እዚህ ነው። ያገባናል።

አሁን ትልቁ ችግራችን አሳማ ነው። ያጸዳነውን መሬት ይቆፍራል፤ የዘይቱኑን ዘር መልሶ ያመጣል። አጥር ካልሠራን ድካማችን ከንቱ ነው። ለሽቦውና ለብረት ቋሚው፣ ለኮአና ኦሂአ ለሚባለው ሌላ አገር በቀል ዛፍ ችግኝ፣ ለመጋዝና ለጓንት በጠቅላላው 8,000 ዶላር ያስፈልገናል። እርስ በርሳችን አዋጥተን 3,100 አድርሰናል። ሽቦውን የምንገዛው ቀሪው ሲሞላ ነው፤ ግማሽ አጥር አሳማ አያቆምም።

አሥር ዶላርም ብትሆን ላኩልን። በውስጥ መስመር ጻፉልኝና መላኪያውን እነግራችኋለሁ። የእያንዳንዱን ግዢ ደረሰኝ ፎቶ አንስተን ለሰጣችሁን ሁሉ እንልካለን። ጉልበት ያላችሁ የኦዋሁ ልጆች ደግሞ ኑ። ስትመጡ የጫማችሁን ሶል በብሩሽ ጠርጉ፤ አልኮልም እርጩበት። ጭቃው ውስጥ የባዕድ ዘር ይኖራል፤ ኦሂአን የሚገድል የፈንገስ በሽታም በጭቃ ይተላለፋል። ምሳ እኛ እናመጣለን።