«ስንት ገደሉ?» ብላችሁ አትጠይቋቸው

ለዝግጅት ክፍሉ፣

የምጽፍላችሁ ከኮምቦልቻ ነው። የታሪክ መምህር ነኝ። ጉዳዬ የቀድሞ ወታደሮቻችን ናቸው። በተለይ ደግሞ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከወሎ ገጠር ተነስተው፣ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥነው ወደ ምሥራቅ የዘመቱት።

በሶማሊያ ጦር ላይ የካራማራ ድል የተገኘው የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው። ያኔ የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሚሊሺያ ዛሬ 70ን ሊደፍን ነው። ያኔ 30 የነበረው ደግሞ ወደ 80 ተጠግቷል። ጆሯቸው ከብዷል፣ ስኳርና ደም ግፊቱም አልለቀቃቸውም። አንዳንዶቹን ቀብረናል።

የአርበኞቹ ዘመን እንዴት እንዳመለጠን ደሴ ታውቃለች። በኅዳር 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው እዚሁ ነበሩ። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታልም ተመቷል። ይህን ዓለም የሰማው በከተማዋ የነበሩ የውጭ ጋዜጠኞችና ሐኪሞች ስለመሰከሩ ነው። የደሴ እናቶች በዚያ ቀን ልጆቻቸውን ይዘው ወዴት እንደሮጡ ግን ማን ጻፈ? መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ የተዋጉትን ዛሬ ማንን እንጠይቃለን?

ደስ የሚለኝ ነገር አለ። ከተማሪዎቼ አንዳንዶቹ የአያቶቻቸውን ትዝታ በስልክ መቅረጽ ጀምረዋል። ደሴም እንዲህ የሚያደርጉ ልጆች እንዳሉ እሰማለሁ። ማንም አላዘዛቸውም። ከልቤ አመሰግናቸዋለሁ። ነገር ግን የሚያሳስበኝን ልንገራቸው።

ብዙ ልጆች መጀመሪያ የሚጠይቁት «አባባ፣ ስንት ገደሉ?» ብለው ነው። ይሄ ጥያቄ አፍ ያዘጋል። ሽማግሌው ወይ በሁለት ቃል ያልፉታል፣ ወይ ልጁ መስማት የሚፈልገውን ፉከራ ያሰሙታል። ከዚያ ያቺ ፉከራ ተቆርጣ፣ ሙዚቃ ተጨምሮባት ቲክቶክ ላይ ትወጣለች። የቀረው ዕድሜያቸው ሁሉ ሳይሰማ ይቀራል።

አንዷ ተማሪዬ ግን አያቷን «ውሃ ከየት ታገኙ ነበር?» አለቻቸው። እሳቸው ከሰዓቱን ሙሉ ሲያወሩ ዋሉ። ደጋ ያደጉ ሰው ናቸው። የኦጋዴን ፀሐይ እንዴት እንዳደረጋቸው፣ ኮቾሮ የሚባለው የወታደር ደረቅ ብስኩት ያለ ውሃ ጉሮሮ ላይ እንዴት እንደሚቆም፣ በአንድ ኮዳ ስንት ሰው ከንፈሩን ያረጥብ እንደነበር ተናገሩ። ቀጥለው የጓደኞቻቸውን ስም መጥራት ጀመሩ። ይሄኛው የኩታበር ልጅ፣ ያኛው የተሁለደሬ፣ ያ ደግሞ የቃሉ። ከመካከላቸው ያልተመለሱ አሉ። ልጅቷ ቅጂውን ስታሰማኝ ሁለታችንም አለቀስን።

እነዚያ ስሞች ብዙ ቦታ አልተጻፉም። በዚያ ዘመን ልጁ ዘምቶ መርዶም ደብዳቤም ሳይደርሰው የቀረ ቤተሰብ ብዙ ነው። በሩን ሳትዘጋ ያረጀች እናት በየሰፈራችን አለች።

ዝም ያሉበትንም ምክንያት ወጣቶቹ ይወቁት። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ከሰሜን ግንባር በእግሩ የመጣው ወታደር በዚህ መንገድ አልፏል። ሲራብ የለመነም ነበር። ያን ያህል ዘመን አገልግሎ «የደርግ ወታደር» የሚል ስም ብቻ ይዞ ቤቱ ገባ። ፎቶውንና መታወቂያውን ያቃጠለ አለ። ለልጆቹ አንድም ቀን ያላወራ አባት ለልጅ ልጁ የሚያወራው ጊዜ አልፎ፣ ፍርሃቱ ስለለቀቀው ነው። ስለዚህ አትቸኩሉ። ቡናው ይፈላ፣ አቦሉ ይጠጣ። ወሎ ውስጥ ወሬ የሚጥመው ከቶና በኋላ ነው።

ስትቀርጹ ማን ከየትኛው ወገን ነበር ብላችሁ አትምረጡ። በአንድ ቀበሌ የደርግ ወታደርና ደርግን የወጋው የኢሕዴን ታጋይ የነበሩ ጎረቤታሞች አሉን። በአንድ ዕድር ውስጥ ናቸው፣ አንዱ የሌላውን ልጅ ድሯል። ሁለቱም ይነገሩ። በአፈሳ ተይዞ የሄደውም፣ ወዶ የዘመተውም። ስንቅ ያዘጋጁ፣ ቁስለኛ ያስታመሙ ሴቶችም አይዘለሉ። በኦሮምኛ ማውራት የሚቀላቸውን በአማርኛ አታስጨንቋቸው። «ይሄን ከሞትኩ በኋላ ስሙት» የሚሉ ካሉ ደግሞ ቃላቸው ይከበር። ታሪኩ የእነሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዬ ልምጣ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። ወሎ ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ። ያን ያየ ሰው አንድ ቦታ ብቻ በተቀመጠ ነገር አይተማመንም። አንድ ልጅ ስልክ ላይ ያለ ቅጂማ ስልኩ ሲሰረቅ አለቀ። ስለዚህ እያንዳንዱ ቅጂ ቢያንስ ሦስት ቦታ ይኑር፤ አንዱ ቤተሰቡ ጋ፣ አንዱ ዩኒቨርሲቲው ወይም የከተማው ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ ከወሎ ውጭ። ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ ያለው ዩኒቨርሲቲ ይህን መቀበል አያቅተውም። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚቀበል ሰው፣ የሚመዘግብ ሰው፣ ሐርድ ዲስክ። ቤተሰቡ የያዘውን ፎቶም በዚያው አጋጣሚ ኮፒ አድርጉት፤ ማን የት እንደተነሳው ሽማግሌው እያሉ ከጀርባው ይጻፍ።

ክረምቱ ለዚህ ሥራ ይመቻል። ተማሪዎች እረፍት ላይ ናቸው፣ ሽማግሌዎቹም ከቤት አይርቁም። ዝናብ ሲወርድ ግን መቅረጹን አቁሙት፤ ቆርቆሮው ድምፃቸውን ይውጠዋል።

ከእናንተ የምፈልገው አንድ ገጽ ነው። በየሳምንቱ የአንድ ዘማች ትዝታ በራሱ አንደበት ይውጣ፣ ልጆቹ ጽፈው ይልካሉ። ያልተመለሱትን ጓደኞች ስም ግን ወዲያው አታትሙ። መርዶ በጋዜጣ አይነገርም። መጀመሪያ የቤተሰቡ ቀበሌ ይፈለግ፣ ሽማግሌዎች ይሂዱ፣ እንደ ወጉ ይንገሩ። ስሙ የሚታተመው ከዚያ በኋላ፣ ቤተሰቡ ሲፈቅድ ነው።

የታሪክ መምህር
ከኮምቦልቻ