ስፌት ከጠርዝ አይጀመርም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሐረር ላይ ስለተቀረጸው ፊልም ያወጣችሁትን ሒስ አነበብነው። ጸሐፊው ከሁሉ አብልጠው ያደነቁት እናትየዋ ጥግ ይዛ፣ ብቻዋን፣ ቃል ሳይወጣት የሣር ስፌት የምትሰፋበትን ትዕይንት ነው። የትንሽ ከተማ ሚስት ታዛዥነት እዚያ ታይቷቸዋል። እኛም ትዕይንቱን አየነው። ሴትዮዋ ከጠርዝ ጀምራ ወደ መሃል ትሰፋለች!

ስፌት ከመሃል ነው የሚጀመረው። ጥቂት ስንደዶ ተጠቅልሎ እምብርት ይወጣለታል፤ ከዚያ መጠቅለያው ሣር፣ አክርማው፣ እየተጠመጠመ፣ ወስፌው ያለፈውን ዙር እየበሳ ይሄዳል። አክርማ ውሃ ካልነካው ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ውሃ ሲበዛበት ደግሞ ደርቆ ይሸሻል፣ ስፌቱም ይላላል። የተዋናይቷ አክርማ ከጭድ የባሰ ደረቅ ስለነበር ሲንኮሻኮሽ እስከ ኋላ ወንበር ተሰምቷል። ጸሐፊው ዝምታ ያሉት ይህንን ይሆን?

ነገሩ በስፌት ቢያበቃ ዝም ባልን። በጁገል፣ በግንብ በታጠረችው በድሮዋ ሐረር፣ ሴቶች ሲሰፉ ግን ይሰባሰባሉ። ቀለም የሚመረጠው፣ የገበያ ዋጋ የሚጠየቀው፣ የማን ልጅ ለማን እንደታሰበች የሚነሳው ወስፌ እጅ ላይ እያለ ነው። ፊልሙ ውስጥ የልጅቷን ጋብቻ አባትየው አሚር ነደባ በሚባለው ከፍ ያለ መደብ ላይ ተቀምጦ ብቻውን ይቆርጣል። አሚር ነደባ የአባወራ መቀመጫ ነው፣ አንክድም፤ ቃሉም ይከበራል። ግን የሴቶች አፎቻ፣ የሐረሪዎች መረዳጃ ማኅበር፣ ያልመከረበትን ሰርግ ማን ሊያበስልለት ነው? ሰርጉንም ለቅሶውንም የሚሸከመው አፎቻ በፊልሙ አንዴ እንኳ አልተነሳም። ፊልም ሠሪው ይርሳው እሺ፤ በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ስለመዘገባት ከተማ የሚጽፍ ሐያሲ ግን አንድ ሰው ጠይቆ ቢጽፍ ምን ነበረበት? እኛ ሁልጊዜ ለጀርባ ምስል ብቻ ነው የምንፈለገው።

ደግሞ ግድግዳው! በጌ ጋር፣ በሐረሪ ባህላዊ ቤት፣ ከነደባው በላይ የሚሰቀለው ስፌት የእናትና የሴት ልጆቿ እጅ ነው፤ እንግዳ ገብቶ ቀና ሲል የቤቲቱን ሙያ እዚያ ያነባል። አባትየው ከፍ ብሎ መቀመጡን የቆጠሩት ጸሐፊ ከራሱ በላይ የተሰቀለውን አላዩም። ቢያዩ ኖሮ አንደኛው ላይ «እንኳን ደህና መጡ» ተሰፍቶበታል። ለቱሪስት የሚሸጥ ነው።

ጸሐፊው ሐረር ብቅ ካሉ ወስፌ እናውሳቸዋለን። አክርማውን ግን ራሳቸው ይንከሩ።

ስፌት ሰፊዎች፣ ከጁገል