«ፀጉሬ ተነቃቀለ» ከማለታችን በፊት ጫፉን እንየው

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ አዲስ አበባ ፀጉር ቤት ነው የምሠራው፣ ሹሩባም እሠራለሁ ሪላክሰርም (ፀጉር የሚያለሰልሰውን ኬሚካል) እቀባለሁ፣ 11 ዓመት አልፎኛል። እንድጽፍላችሁ ያደረገችኝ ባለፈው ሳምንት የመጣች ደንበኛዬ ናት። የአራት ወር ልጅ ታቅፋ ገባችና ገና ሳትቀመጥ «በቃ ላጪኝ» አለችኝ፣ ምነው ስላት ከቦርሳዋ በፌስታል የጠቀለለችውን ፀጉር አወጣች፣ የሦስት ቀን ነው አለችኝ እንባዋ እየመጣ። ሌላ ቦታ ሄዳ «ፀጉርሽ ተጎድቶ እየተሰባበረ ነው» ተብላ ውድ ትሪትመንት ገዝታለች፣ ለልጁ ዳይፐር ያስቀመጠችውን ብር አውጥታ።

ፀጉሩን ጥቁር ፎጣ ላይ ዘርግቼ አንድ በአንድ አሳየኋት። ሁሉም ረጅም ነው፣ ጭንቅላቷ ላይ ካለው እኩል፣ በአንደኛው ጫፉ ላይ ደግሞ ጥቃቅን ነጭ ነገር አለ። ይሄ የተሰበረ አይደለም፣ የረገፈ ነው። ያቺን ነጭ ነገር ያየ ሰው ሁሉ «ከነሥሩ ወጣ፣ ከእንግዲህ አይበቅልም» ብሎ ይደነግጣል፣ ግን ፀጉሩ የሚበቅልበት ሥር ቆዳው ውስጥ እንዳለ ነው፣ ነጯ ነገር ጊዜውን የጨረሰ ፀጉር ምልክት ናት።

ፀጉር እኮ ዕድሜ አለው። አንዱ ዘለላ ከ2 እስከ 6 ዓመት ያድጋል፣ ከዛ ሁለት ሦስት ወር ያርፍና ይወድቃል፣ በቦታው ሌላ ይወጣል። ጭንቅላታችን ላይ ወደ 100,000 ገደማ ስላለ ጤነኛ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ቢረግፍበት ምንም አይደለም። እርጉዝ ስትሆኚ ሆርሞኑ መውደቅ የነበረበትን ያቆየዋል፣ ከወለድሽ ከሁለት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ የተጠራቀመው አንድ ላይ ይወርዳል፣ ልጁ ዓመት እስኪሞላው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ታይፎይድ ወይ ሌላ ከባድ ትኩሳት የያዘውም ሰው ከሁለት ሦስት ወር በኋላ እንዲሁ ይረግፍበታል፣ ያኔ በሽታውን ረስቶት ሻምፖውን ይወቅሳል።

ሹሩባ ሲፈታም ያው ነው። 6 ሳምንት የቆየ ሹሩባ ፈትታችሁ እፍኝ ሙሉ ፀጉር ስታዩ አትደንግጡ፣ በቀን 50 እንኳ ብንል በ42 ቀን 2,100 ዘለላ ነው፣ ሲረግፍ የከረመው መውጫ አጥቶ ጉንጉኑ ውስጥ ተይዞ ነው።

መሰበር ሌላ ነገር ነው። የተሰበረ ፀጉር አጭር ነው፣ አንዱ የጣት አንጓ ያክላል አንዱ ከዛም ያንሳል፣ ነጭ ነገር የለውም፣ ጫፉ የተሰነጠቀ ወይ የተበጣጠሰ ነው፣ ማበጠሪያው ላይና ትከሻችሁ ላይ ብትንትን ብሎ ታገኙታላችሁ። «ፀጉሬ ዓመት ሙሉ አላደገም» የምትሉኝ ብዙዎቻችሁ ችግራችሁ ይሄ ነው፣ ከላይ በወር አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ያድጋል ከታች ያንኑ ያህል ይሰበራል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ እኛው የሙያው ሰዎች ጋ ነው፣ ይሄን ሳልደብቅ መናገር አለብኝ። ሪላክሰር መቀባት ያለበት አዲስ የበቀለው ላይ ብቻ ነው፣ ስንቸኩል ግን ከሥር እስከ ጫፍ እንለቀልቀዋለን፣ ድሮ የተቀባው ድጋሚ ይቃጠላል። በዛው ሳምንት ቀለም፣ ያልደረቀ ፀጉር ላይ ፔስትራ (የጋለ መተኮሻ)፣ ጥቅልል ፀጉርን በደረቁ በቀጭን ማበጠሪያ መጎተት፣ ይሄ ሁሉ ይሰብራል። ፀጉሩን አርጥባችሁ ኮንዲሽነር ቀብታችሁ በሰፊ ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምራችሁ ወደ ላይ ፍቱት፣ የተሰነጠቀውን ጫፍ ደግሞ አስቆርጡት፣ ምንም ቅባት መልሶ አይገጥመውም።

የረገፈው ላይ መቁረጥ ግን ምን ይጠቅማል? ሴትየዋን ብላጫት ኖሮ ያው ይረግፋል፣ ለእሷ ያልኳት ደንብ አርገሽ ብይ፣ ጠበቅ አርገሽ አትያዢው፣ ጠብቂ ነው።

አንድ በጣም የሚያሳስበኝ ደግሞ አለ፣ የህፃናት ሹሩባ። ጥብቅ ተደርጎ ሲጎነጎን ጊዜው ያልደረሰውን ፀጉር ነው የሚነቅለው፣ ግንባርና ጆሮ ግንድ ጋ መሳሳት ይጀምራል፣ ትናንሽ ብጉር የመሰለ ነገር ይወጣል፣ ልጅቷ ታለቅሳለች፣ እናት «ቻይው» ትላለች። ቶሎ ከላላ ይመለሳል፣ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆንና እዛ ቦታ ላይ ጭራሽ አይበቅልም። እኔ ራሴ 20 ዓመት ያልሞላቸው፣ ግንባራቸው ወደ ኋላ የሸሸ ልጆች ወንበሬ ላይ ተቀምጠው ያውቃሉ።

እንደ ላሽ ክብ ሆኖ ባዶ ከቀረ፣ ካሳከከና ቅርፊት ካወጣ፣ ወይ መርገፉ ከ6 ወር ካለፈ፣ ድካምና ማዞር ካለው ደግሞ ፀጉር ቤት አትምጡ፣ ሐኪም ጋ ሂዱና ደም ተመርመሩ፣ የብረት ማነስ ወይ የእንቅርት ችግር ሊሆን ይችላል።

የጤና ዓምድ ስላላችሁ አንድ የቆዳ ሐኪም ጠይቃችሁ ስለ ህፃናቱ ሹሩባ እንድታወጡልን እለምናለሁ። ቢቻል ለእንቁጣጣሽ ልጆቹ ከመሠራታቸው በፊት ይድረስልን።

አክባሪያችሁ
ፀጉር ሠሪዋ፣ ከአዲስ አበባ