ፓስዎርዳችሁን መልሰን ለምን እንደሰጠናችሁ (ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ)

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንዴት ከረማችሁ፣ ሥራ እንዴት ይዟችኋል። የዩቲዩብ ቻናላችሁን የምንሠራላችሁ የስቱዲዮው ልጆች ነን።

ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ «የዩቲዩብ ፓስዎርዴን ለምን መለሳችሁልኝ፣ ልትዘጉ ነው እንዴ?» ብላችሁ የጠየቃችሁን አላችሁ፣ ሌሎቻችሁ ደግሞ ቅር ብሏችሁ ዝም ያላችሁ መሰለን። ኧረ አልዘጋንም፣ ሃያ ሁለት ሰፈር እዛው ፎቅ ላይ ነን፣ ሊፍቱም እንደተበላሸ ነው። የተቀየረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከመስከረም 1 ጀምሮ የማንንም ደንበኛ ፓስዎርድ አንይዝም። ቪዲዮ መቁረጡን፣ ታምኔሉን (የቪዲዮውን የሽፋን ፎቶ)፣ መጫኑን፣ ኮመንት መመለሱን እንደድሮው እንሠራለን፣ ግን የምንገባው በራሳችን ጂሜይል፣ እናንተ በሰጣችሁን ፈቃድ ይሆናል። ለምን እንደሆነ ትንሽ ረዘም አድርገን እንንገራችሁ፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ ጥፋታችንን እንናገር። ባለፈው ክረምት አንዱ ልጃችን «ቻናላችሁን ስፖንሰር ማድረግ እንፈልጋለን» የሚል ኢሜይል ይመጣለታል፣ ኮንትራቱ ዚፕ ፋይል ውስጥ ነው ይላል፣ ልጁም ለደንበኛችን ገንዘብ መጣላት ብሎ ደስ ብሎት ከፈተው። ምንም አልታየም፣ ፋይሉ ተበላሽቶ ነው ብሎ ተወው። በማግስቱ ጠዋት ገና ቢሮ ሳንገባ የምግብ ቻናል ያላቸው አንዲት እናት ደወሉ፦ «የኔ ልጅ፣ ዶሮ ወጤን ምን አደረጋችሁብኝ?» ስንከፍተው የቻናሉ ስም ተቀይሯል፣ ፎቶው ተቀይሯል፣ ቪዲዮዎቹ በሙሉ ተደብቀዋል፣ አንድ የማናውቀው ሰውዬ ስለ ቢትኮይን ላይቭ እያወራ ነው። ቪዲዮዎቹ በኋላ ተመልሰዋል እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግን እስኪመለሱ ድረስ እንቅልፍ አልነበረንም፣ እሳቸውም አልነበራቸውም።

የገረመን ነገር ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫው በርቶ ነበር፣ ኮድ በስልክ የሚጠይቀው ማለት ነው። ሌባው ግን ፓስዎርዱንም ኮዱንም አልፈለገም። ኮምፒውተራችሁ ላይ አንዴ ከገባችሁ ብሮውዘሩ (እንደ ክሮም ያለው፣ ኢንተርኔት የምታዩበት) «ይሄ ሰው ቀድሞ ገብቷል፣ ደግሜ አልጠይቀውም» ብሎ የሚይዘው ምልክት አለ አይደል፣ ኩኪ የሚሉት፣ ዚፕ ፋይሉ ውስጥ የነበረው ቫይረስ የሚሰርቀው እሱን ነው። እሱን የያዘ ሰው ልክ እናንተን መስሎ ነው የሚገባው። ጎግል ራሱ በ2021 ይሄን ዓይነት ዘረፋ በዝርዝር ጽፎበታል፣ ዩቲዩበሮችን በውሸት ስፖንሰርሺፕ እያባበሉ ነበር የሚያጠቁት፣ እኛም በዛው ወጥመድ ነው የገባነው። ያኔ በአንዱ ኮምፒውተር ላይ የዘጠኝ ደንበኛ አካውንት በሙሉ ፓስዎርድ ተከፍቶ ነበር። አንዱ ብቻ መነካቱ ዕድል ነው እንጂ ጉብዝና አይደለም።

እና ነገሩ እንዲህ ነው። ቻናል እንደ ቤት ነው ብላችሁ አስቡት፣ ጂሜይሉ ካርታው ነው። ቤት የሚያድስላችሁ ሠራተኛ በር የሚያስገባው ቁልፍ ትሰጡታላችሁ እንጂ ካርታውን አውጥታችሁ ኪሱ ውስጥ አትከቱም። እኛ ጋ እስከዛሬ ስንት ሰው ካርታውን አስቀምጦ ሄዷል መሰላችሁ፣ ይባስ ብሎ ከጅምሩ ካርታው በሌላ ሰው ስም የወጣባችሁም አላችሁ። የእህት ልጅ ከፈተው፣ ሰርግ ላይ የቀረፀው ልጅ ከፈተው፣ ከዛ ልጁ አረብ አገር ሄደ፣ ሲሙ ጠፋ፣ ኮድ የሚላክበት ስልክ አሁን የማን እንደሆነ አይታወቅም። አንድ ደንበኛችን 3 ዓመት የደከሙበትን ቻናል ፓስዎርድ ለመቀየር በማያውቁት ሰው ስልክ ላይ ደውለው «ልጄ አንድ ኮድ ይመጣልሃል፣ እባክህ ንገረኝ» ብለው ለምነዋል። ሰውየውም ሌባ መስለውት ዘጋባቸው፣ አይፈረድበትም፣ ኮድ ንገረኝ የሚል ሰው ሁሉ ሌባ በሆነበት ዘመን።

አሁን እንዴት እንደሚደረግ። ኮምፒውተር ላይ ዩቲዩብ ስቱዲዮ ትከፍታላችሁ፣ ከታች በግራ ሴቲንግ፣ ከዛ ፐርሚሽን፣ ከዛ ኢንቫይት፣ የኛን ኢሜይል ታስገባላችሁ (ኢሜይሉን በስልክ ደውለን ነው የምንነግራችሁ፣ በቴሌግራም «አዲሱ ኢሜይላችን ይሄ ነው» የሚል ነገር ቢደርሳችሁ እንዳታምኑ)። ግብዣው 30 ቀን ውስጥ ካልተቀበልነው ይሞታል፣ ስለዚህ ከላካችሁ በኋላ ሚስኮል አድርጉልን። ከዛ ምን ያህል ፈቃድ እንደምትሰጡን ትመርጣላችሁ፣ ዋናው ቦታ እዚህ ጋ ነው። ማናጀር ካላችሁን ሌላ ሰው ማስገባትም ማስወጣትም እንችላለን፣ ቻናሉን ማጥፋት ግን አንችልም። ኤዲተር ካላችሁን መጫን፣ ርዕስ ማስተካከል፣ ላይቭ መግባት እንችላለን፣ ሰው መጨመርና የወጣ ቪዲዮ መሰረዝ አንችልም። ከኤዲተር ደግሞ ገቢያችሁን የማያሳይ ዓይነት አለ፣ ሥራውን ሁሉ እንሠራለን ብር ስንት እንደገባ ግን አናይም። ለአብዛኞቻችሁ የምንመክረው ይሄንን ነው። አንዳንዶቻችሁ ስንነግራችሁ «ኧረ እናንተንማ አምናችኋለሁ» ብላችሁ ማናጀር አደረጋችሁን፣ እናመሰግናለን፣ ግን ነገሩ የመተማመን ጉዳይ አይደለም፣ ያን ቀን ጠዋት ሌባው የያዘው የኛን የኤዲተር ፈቃድ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኚያ እናት ዩቲዩብ ስቱዲዮ ከፍተው እኛን ማስወጣት ብቻ ነበር የሚጠበቅባቸው።

ቻናላችሁ በሌላ ሰው ጂሜይል የተከፈተ ከሆነ ሌላ ሥራ አለው። በብራንድ አካውንት (ከግል ጂሜይል ተለይቶ ከአንድ በላይ ሰው የሚይዘው የጎግል አካውንት) ላይ ያለ ቻናል ከሆነ ቀላል ነው፣ ያ ሰው እናንተን ኦውነር (ባለቤት) አድርጎ ይጨምራችኋል፣ 7 ቀን ትጠብቃላችሁ፣ ከዛ ዋና ባለቤት ያደርጋችኋል፣ በቃ። 7 ቀኑን ማሳጠር አይቻልም፣ «ዛሬውኑ አድርጉልኝ» አትበሉን። ቀጥታ የሰውየው የግል ጂሜይል ላይ ከሆነ ግን መጀመሪያ ወደ ብራንድ አካውንት መዛወር አለበት፣ እሱን ብቻችሁን አትሞክሩት፣ የምታዛውሩበት አካውንት ላይ ሌላ ቻናል ካለ ያኛው ሊጠፋ ይችላል። አብረን እንሠራዋለን፣ ክፍያ የለውም።

አዲስ ለምትከፍቱ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትባትን አንዲት ነገር እንንገራችሁ፦ የትውልድ ቀን። ጂሜይሉን ለድርጅት ስለሚከፍቱት ድርጅቱ የተቋቋመበትን ቀን ያስገባሉ። ድርጅቱ በ2018 በፈረንጅ የተቋቋመ ከሆነ ጎግል የሚያውቀው ሕፃን ልጅ አካውንት ከፈተ ብሎ ነው፣ ከ13 ዓመት በታች ደግሞ ያለ ወላጅ ቁጥጥር አይፈቀድም፣ የ14 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጥና ይዘጋዋል። የሰው የልደት ቀን አስገቡ፣ እሱንም በፈረንጅ አቆጣጠር። የኛን ዓመት ስታስገቡ 7 ወይ 8 ዓመት ትሸመግላላችሁ፣ አካውንቱ አይዘጋም፣ ግን አንድ ቀን መታወቂያ አምጡ ስትባሉ ፓስፖርታችሁና አካውንታችሁ አይገናኙም።

ስልክም እንደዛው በራሳችሁ ስም በወጣ ሲም ይሁን። ስልክ ካላረጋገጣችሁ ከ15 ደቂቃ በላይ ቪዲዮ አይጭንም፣ የራሳችሁን ታምኔል ማድረግም አትችሉም። አንድ ስልክ በዓመት ከ2 ቻናል በላይ አያረጋግጥም፣ «በእናንተ ስልክ አድርጉልኝ» ስትሉን እምቢ የምንለው ለዚህ ነው፣ ንፉግ ሆነን አይደለም። ላይቭ የምታስቡ ደግሞ ቀድማችሁ አብሩት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ እስከ 24 ሰዓት ሊያስጠብቅ ይችላል። ባለፈው ለጥምቀት ላይቭ ልንገባ ነው ብሎ በከተራ ማታ የደወለልን ደንበኛ ነበረ፣ ምን እናድርግልህ ወንድሜ። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ስታበሩ 10 የመጠባበቂያ ኮዶች ማውጣት ትችላላችሁ፣ በወረቀት ጽፋችሁ ከቤት ሰነድ ጋር አስቀምጡ፣ ስልካችሁ ላይ ስክሪንሹት አታድርጉ፣ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ነዋ የሚጠፋው።

ሰዓት ሌላው ጉዳችን ነው። ስትደውሉልን «ቅዳሜ 2 ሰዓት ይውጣ» ትላላችሁ፣ እኛ ማታ እንደሆነ እናውቃለን፣ አዲስ የገባው ልጅ ግን ስቱዲዮው ላይ 2 ብሎ አስገባ፣ በፈረንጅ ከሰዓት 2 ማለት የኛ 8 ሰዓት ነው፣ ቪዲዮው ሰው ምሳ በልቶ ሲተኛ ወጣ። አሁን ደንብ አውጥተናል፦ የምትጽፉልን በኛ ሰዓት ነው፣ ጠዋት፣ ቀን ወይ ማታ ብላችሁ ጨምሩበት፣ መለወጡ የኛ ሥራ ነው። ተመልካቻችሁ ዋሽንግተን አካባቢ ከሆነ ደግሞ የኛ ማታ 2 ሰዓት እነሱ ጋ በበጋቸው ከቀኑ 7 ሰዓት ነው፣ ሰው ሥራ ላይ ነው፣ አስቡበት።

ስለ ገንዘብ። «መቼ ነው የሚከፍለኝ» የሚለው ጥያቄ ከሁሉም በላይ ስለሚመጣ፦ ከማስታወቂያ ገቢ ለማግኘት 1,000 ሰብስክራይበርና ባለፉት 12 ወራት 4,000 ሰዓት የታየ ቪዲዮ ያስፈልጋል፣ ወይም በ90 ቀን ውስጥ 10 ሚሊዮን የሾርትስ (የአጫጭር ቪዲዮ) ዕይታ። ሰብስክራይበር እንገዛላችሁ የሚሉትን ተዋቸው፣ ዩቲዩብ ይጠርጋቸዋል፣ ሰዓቱንም አይሞሉላችሁም። ሞኒታይዜሽን (ከቪዲዮ ገቢ ማግኘት) በየአገሩ ስለሚለያይ ውጭ ባለ ዘመድ ስም አድሴንስ (ጎግል የማስታወቂያውን ገንዘብ የሚከፍልበት አካውንት) የከፈታችሁ ብዙ ናችሁ። እሱ ላይ የምንለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ገንዘቡ በሕግ የዛ ሰው ገንዘብ ነው፣ ታክሱም የሚመጣው እሱ ላይ ነው፣ ስለዚህ ከሜሪላንዷ እህታችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ (በስልክም ቢሆን) ተነጋገሩ፣ ፍቅር ያለው ከስምምነት በኋላ ነው። አንድ ሰው ደግሞ አንድ አድሴንስ ብቻ ነው የሚፈቀድለት፣ እሷ የራሷ ካላት ሁለተኛ አትከፍቱም። ሁለተኛ፣ ገቢው 10 ዶላር ሲደርስ አድራሻ ማረጋገጫ ፒን በፖስታ ይላካል፣ ፖስታው ተራ ማስታወቂያ ስለሚመስል እህታችሁ ከፒዛ ወረቀቱ ጋር እንዳትጥለው አስጠንቅቋት። ገንዘቡ የሚወጣው 100 ዶላር ሲሞላ ነው።

አድሴንስ ላይ የሚሞላውን የታክስ ቅጽ «በኋላ» እያላችሁ አትዝለሉት። ካልተሞላ ጎግል ከጠቅላላ ገቢው እስከ 24 በመቶ ሊቆርጥ ይችላል። ከአሜሪካ ውጭ የምትኖሩ ሞልታችሁ ስትገኙ የሚቆረጠው ከአሜሪካ ተመልካች ከመጣው ብቻ ነው፣ ኢትዮጵያና አሜሪካ የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላቸው እሱ 30 በመቶ ነው። ተመልካቹ በሙሉ ዲያስፖራ ለሆነ ቻናል ይሄ ትንሽ አይደለም፣ ወጪ ስታሰሉ አስገቡት።

ስትራይክ የሚባለውን በአጭሩ፦ ዘፈን ከኋላ አስገብታችሁ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ክሌም (የባለቤትነት ጥያቄ) ነው፣ ገቢው ለዘፈኑ ባለቤት ይሄዳል፣ ቻናሉ አይዘጋም። የኮፒራይት (የቅጂ መብት) ስትራይክ ሌላ ነው፣ ዩቲዩብ የሚሰጠው የቅጣት ማስጠንቀቂያ ነው፣ በ90 ቀን ውስጥ 3 ከሆነ ቻናሉ ይሄዳል። ስለዚህ «ሌላው ሁሉ ይጠቀመው የለ» ብላችሁ የሰው ክሊፕ ስትልኩልን ካልጫንነው አትቆጡን። የልጆች ተረት የምትሠሩ ደግሞ «ለልጆች የተሠራ» የሚለውን በትክክል ምረጡ፣ ኮመንቱ ይዘጋል፣ ማስታወቂያውም ይቀንሳል፣ እናውቃለን፣ ግን ደብቆ መሥራት አይቻልም።

ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3 እስከ 11 ሰዓት ቢሮ ኑ፣ ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ፣ ሲሙ ውስጡ ሆኖ፣ ፓስዎርዱን ራሳችሁ ትቀይራላችሁ፣ እኛ ፊታችንን እናዞራለን። ከሌላ ሰው ላይ የሚዛወር ቻናል ያላችሁ ግን ያ 7 ቀን ስላለ ጳጉሜን አትጠብቁ። ክፍለ አገርና ውጭ ያላችሁ በቪዲዮ ኮል እናደርገዋለን፣ ቀጠሮ ስታስይዙ በማን አገር ሰዓት እንደሆነ ንገሩን። እስከ መስከረም 1 ያልመጣችሁ ፓስዎርዳችሁ ከኛ ኮምፒውተር ላይ ይሰረዛል፣ ቻናላችሁ ምንም አይሆንም፣ ሥራው ግን ፈቃዱ እስኪመጣ ይቆማል።

የዶሮ ወጧ እናት ቀድመው መጥተው ጨርሰዋል። ኤዲተር ነው ያደረጉን፣ ገቢ የማናይበትን።

የስቱዲዮው ልጆች
ሃያ ሁለት፣ አዲስ አበባ